የሰርጉ ምግብ ሳይደፋ ናሙና ይያዝልን፦ ለወሎ የጤና ኃላፊዎችና ለደጋሾች ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በደቡብና በሰሜን ወሎ ዞኖች፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ከተሞች በጤና፣ በግብርናና በንግድ መሥሪያ ቤቶች ለምትሠሩ ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ሰርግና ሰደቃ፣ ክርስትናና ተዝካር ለምትደግሱ ወገኖቼ በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ምግብ ውስጥ የሚገቡ ባክቴሪያዎችንና ቫይረሶችን መለየት ሙያዬ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው፤ የምኖረውና የምሠራው ደሴ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ጥር በአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ ነው። የምለምናችሁም ይህንን ነው፤ ድግስ ላይ ሰው ሲታመም ምግቡ ከመደፋቱ በፊት ናሙና ይወሰድ፣ ናሙናውን ተቀብሎ የሚመረምር ክፍት በር ይኑር፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። እስከዚያ ድረስ በማንም ላይ ጣት አይቀሰር።

ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። በአገራችን ወግ ሁለት በሬ ተጣለ፤ አንዱ በሙስሊም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ ታረደ። ሁለት ዳስ ተተከለ፣ ሁለት ምድጃ ተጎለተ፣ ወጥ ሠሪዎቹም ለየብቻቸው ሆኑ። ሁለቱን ዳሶች የሚያገናኛቸው ጥቂት ነገር ነበር፤ እንጀራው፣ ለስላሳው እና ሰላጣው። ሰላጣው ሲሠራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከጓሮ በኩል፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጦ ጎረምሶች ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት እየከተፉ ይጨምሩበታል፤ አንደኛው እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ያገላብጠዋል። ከዚያ በጭልፋ እየተቀዳ ወደ ሁለቱም ዳስ ይሄዳል። ሥራዬ ይህ ሆኖ ሳለ «እጅህን ታጥበሃል?» ብዬ አልጠየቅሁም። በሰርግ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር መስሎ ታየኝ።

እርጎው የቀረበው ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነው። ያመጡት አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው። ቅሉን በወይራ አጥነው፣ ወተቱን ራሳቸው አልበው የሚያረጉ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሴት ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ የእርሳቸውን እርጎ ሳልቀምስ ሐይቅ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እሑድ ከቀትር በኋላ መጀመሪያ ሕፃናቱ ማስመለስ ጀመሩ። ማታ ላይ ትልልቆቹም ተከተሉ። ሰኞ ሲነጋ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በነጠላና በሻርፕ የተጠቀለለ ሰው ሣሩ ላይ ተኝቶ ተራ ይጠብቅ ነበር፤ አቅም ያነሳቸው ግሉኮስ ተሰቀለላቸው። የሞተ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ገና ሕመሙ ሳይበርድ ፍርዱ ተሰጠ። «እርጎው ነው» ተባለ። በዚያ ሳምንት ገበያ እኚያ እናት ቅላቸውን ይዘው ወጥተው፣ ሳይነካ ይዘውት ተመለሱ። «ዓይን ወድቆበት ነው» ያለም ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን በዝቅተኛ ድምፅ የተወራው ነው፤ «የነዚያኛዎቹ ሥጋ ነው» የሚል። ወሎ ላይ ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። አብሮ ለቅሶ የሚቀመጥ፣ አብሮ ዳስ የሚጥል ጎረቤት በአንድ ሆድ ቁርጠት ምክንያት በጎሪጥ ሲተያይ ማየት ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ።

ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነው። የትኛው ዳስ በላህ? ምን ምን ቀመስክ? ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመረህ? መጀመሪያ ያስመለሰህ ነው ወይስ ያስቀመጠህ? እናቶች ከምድጃው አጠገብ ዱካ እያቀረቡ፣ ቡና እያፈሉ መለሱልኝ። ሁለት ቀን ከዞርኩ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገር ጀመር። የታመሙት ከሁለቱም ዳስ ናቸው፤ የበሉት ሥጋ ግን የተለያየ ነው። ታዲያ እንዴት የአንዱ ወገን ሥጋ ሁለቱንም ያማል? እርጎውስ? ከታመሙት ሕፃናት አንዳቸውም እርጎ አልቀመሱም፤ ሽማግሌዎቹ ጋ ማን ያስገባቸዋል? ያነጋገርኳቸው ሕመምተኞች ሁሉ የበሉት ሰላጣውን ነው። ሰዓቱም የራሱ ወሬ ነበረው። አንድ ምግብ ስታፊሎኮከስ በሚባል ባክቴሪያ መርዝ ቢበከል ሰውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ከበላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ማታውኑ በታመሙ ነበር። በብዛት ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ፣ በትውከት ጀምሮ፣ በሁለትና በሦስት ቀን የሚለቅ ሌላ ነገር አለ፤ ኖሮቫይረስ ይባላል። ሰላጣውን ካገላበጡት ልጆች አንዱ ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት ሆዱን ታሞ እንደነበር ራሱ ነገረኝ፤ አንገቱን ደፍቶ። ስሙን ለማንም አልነገርኩም፤ አልናገርምም። የበሽታውን ስም እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ለወንድሙ ሰርግ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ።

ግን ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ነው። ደብተር አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አይፈርድም። የሚፈርደው ናሙናው ነው፤ ናሙናው ደግሞ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሳፋው ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር፤ የተረፈው ለዶሮ ተደፍቷል።

ከአንድ ቤት ብቻ፣ ሴትየዋ ለታመመች እናቷ በሳህን ከድና የወሰደችውን ጥቂት ሰላጣ አገኘሁ። ንጹሕ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ፣ ከአንድ ሱቅ ፍሪጅ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ለምኜ፣ አብሬ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ ከተማ ይዤው መጣሁ። አንድ መሥሪያ ቤት «እኛ የሰው ናሙና እንጂ የምግብ አንቀበልም» አለኝ። ሁለተኛው «የምግብ ከሆነ ደብዳቤ አጽፈሽ ነይ» አለኝ። ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። እኔ በምሠራበት ክፍል ባለን አቅም የባክቴሪያውን ምርመራ ጀመርን፤ ሳልሞኔላ ይኖር እንደሆነ ፈለግን፤ አላገኘንም። ለቫይረሱ የሚያስፈልገው ግን በእጃችን አልነበረም። ፕላስቲኩ ፍሪጅ ውስጥ ቆየ። መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ ራሴው ጣልኩት።

የሥራዬን ነገር ጥቂት ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም «ተመርምሮ አልተገኘም» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ የፈለግነውን ያንን አላገኘንም ማለት ነው።

ሳልሞኔላን ለመፈለግ ከምግቡ 25 ግራም ይመዘናል። በሚያለመልም ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ 37 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያድራል፤ የደከመችው ባክቴሪያ እንድትነሳ። በማግስቱ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ወደሚያፍንና እርሷን ወደሚያሳልፍ ሌላ ፈሳሽ ይዛወራል። ከዚያ ቀይ ሆኖ በሳህን በረጋ መብል ላይ ይሰመራል። ሳልሞኔላ ካለች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳህኑን ስትከፍቱት ቀዩ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት ይመስላል፤ እያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ ከአንዲት ሕዋስ የተነሣች መንደር ናት። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ያየሁ ቀን መምህሬን ጠርቼ «እውነት ይህች ናት?» ያልኩት ትዝ ይለኛል። ማረጋገጫው ሲጨመር አራትና አምስት ቀን ይወስዳል። ረጅም ነው፤ ግን በመጠነኛ ዕቃ፣ በሠለጠነ ሰውና በማይቋረጥ መብራት እዚሁ የሚሠራ ሥራ ነው።

ቫይረስ ሌላ ነገር ነው። ባክቴሪያ ምግብ ላይ ይራባል፤ ወጥ ውጭ ባደረ ቁጥር ይበዛል። ቫይረስ ምግብ ላይ አይራባም። ከሰው ሆድ ወጥቶ፣ በእጅ ወይም በውሃ ተሻግሮ፣ ምግቡ ላይ እንደ ነበረ ይቀመጣል፤ ቅዝቃዜ አይገድለውም፤ ምግቡም አይሸትም፣ አይኮመጥጥም። የታመመ ሰው በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ቢሊዮኖች ቅንጣቶች ሊያወጣ ይችላል፤ ሌላውን ለማሳመም ግን ጥቂት አሥሮች ይበቃሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በሳፋ ሙሉ ሰላጣ ውስጥ ጥቂት ቅንጣቶችን መፈለግ በኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት ሰናፍጭ እንደመልቀም ነው። በቀይ መብልም ላይ አይበቅልም። ኖሮቫይረስ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኖርዎክ በምትባል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳመማቸው ልጆች ተወስዶ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጀመሪያ የታየው በ1972 ነው። ከዚያ በኋላ የዓለም ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ሊያሳድጉት ከ40 ዓመት በላይ ደከሙ፤ በሰው አንጀት ሕዋስ ላይ ሲራባ ያዩት በ2016 ነው።

ስለዚህ ቫይረሱን ሳይሆን የዘር ጽሑፉን እንፈልጋለን። ቅጠሉ ጨዋማነትና አሲድነት በተመጠነ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ቫይረሱ ከቅጠሉ ይላቀቃል። እጣቢው ይጣራል፤ ይረጋል፤ በመጨረሻ ጠብታ በማትሞላ ፈሳሽ ውስጥ የቀረው ነገር ተሰብስቦ ዘሩ ይወጣል። ከዚያ ሰው ሁሉ በኮሮና ጊዜ ስሙን የለመደው ፒሲአር ይገባል፤ አንዱን ቁራጭ ሁለት፣ ሁለቱን አራት እያደረገ፣ 30 ጊዜ ሲያጥፈው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ችግሩ ምግብ ንጹሕ ውሃ አለመሆኑ ነው። የቅጠል ቀለም፣ ቅባት፣ የእንጆሪና የቅመም ንጥረ ነገር ምላሹን ያፍነዋል፤ ቫይረሱ እያለ ማሽኑ የለም ይላል። ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው የተዳከመ ሌላ ቫይረስ ቆጥረን ናሙናው ላይ የምንጨምረው፤ መጨረሻ ላይ ያንን ካላገኘነው በመንገድ ላይ የእኛንም ቫይረስ አፍስሰነዋል ማለት ነው፤ ውጤቱ አይታመንም። ሌላም ጣጣ አለ። ፒሲአር ቫይረሱ ሕያው ይሁን የሞተ አይለይም፤ በደንብ የፈላ ምግብ ላይም የሞተውን ዘር ሊያገኝ ይችላል። ሕያውና ሙቱን መለየት ዛሬም በየአገሩ ተመራማሪዎች የሚደክሙበት ጥያቄ ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ልሰጠው የምፈልገው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የምተርከው እውቀት ለማሳየት አይደለም። በሰኞው ዕለት አንድ ጭብጥ ሰላጣ በቀዝቃዛ ዕቃ ተይዞ፣ ከሦስት ሕመምተኞች ትንሽ ሰገራ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ፣ የአንዱ ዘር ከሌላው ጋር ተመሳክሮ እኚያ እናት ነጻ ሊወጡ ይችሉ ነበር። ወይም እርጎው ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቶ ወተቱን ማፍላት ተምረው ሊሸጡ ይችሉ ነበር። ሁለቱም ከዛሬው ይሻላል።

በትልልቅ አገሮችም ቢሆን ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ስንቱን እንደጎዳ ታውቃላችሁ? በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጀርመን ውስጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣ፣ ኩላሊት የሚያቆም የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዝርያ ተነሣ። ወደ 4,000 ሰው ታመመ፤ ከ50 በላይ ሞተ። ባለሥልጣናቱ ቸኩለው «የስፔን ኪያር ነው» አሉ። የስፔን ገበሬ ኪያሩን እየጫነ ደፋው፤ ከጎረቤት አገሮች ገበያ ተባረረ። ኋላ ምርመራው ሲጠራ ኪያሩ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ሰዎቹን ያሳመመው ዝርያ አልነበረም። ምንጩ ተከትለው ሲደርሱበት እዚያው ጀርመን የበቀለ የአብሽ በቆልት ሆነ፤ የአብሹም ዘር ከግብፅ የመጣ። አብሽ! እኛ ለአራስና ለሕፃን የምንሰጠው፣ ለሆድ መድኃኒት የምንለው። ምግብን በስሙና በዝናው መፍረድ እንደማይቻል ለማወቅ ከዚህ በላይ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ታሪክ አፍሪካዊ ነው፤ የበለጠ ልቤን የሚያሞቀውም እርሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ሊስቴሪያ የምትባል፣ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ የምትራባ ባክቴሪያ ከ1,000 በላይ ሰው አሳመመች፤ ከ200 በላይ ገደለች፤ ከታመሙት ብዙዎቹ አራስ ሕፃናት ነበሩ። ወራት ሙሉ ምንጩ ጠፋ። ከዚያ በጥር ወር ከሶዌቶ አንድ ሕፃናት ማቆያ ዘጠኝ ሕፃናት ታመው ሆስፒታል መጡ። ከአንዱ ሕፃን ሰገራ ሊስቴሪያዋ ወጣች። የአካባቢ ጤና ሠራተኞች ወደ ማቆያው ሄደው ፍሪጁን ከፈቱ፤ ሕፃናቱ የሚበሉትን የታሸገ የሥጋ ቋሊማ ናሙና ወሰዱ። የባክቴሪያዋ ሙሉ ዘር ሲነበብ የሌሎቹንም ሕሙማን የገደለችው ያችው ሆና ተገኘች፤ መንገዱም እስከ ፋብሪካው ድረስ ተከፈተ። ያንን ወረርሽኝ ለማቆም በር የከፈተው አንድ ሠራተኛ ፍሪጅ ከፍቶ የወሰደው ቁራጭ ነው። እኔ ከወሎ የምፈልገው ያንን ሠራተኛ ነው።

እኛ ጋ ግን ምን ሆነ? ከታመሙት ዘመዶቼ ብዙዎቹ ደም ሰጥተው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብህ» ተባሉ። ይህን ያልተባለ ወሎዬ ማን አለ? ለታይፎይድ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣ ነው፤ የሚያየው ባክቴሪያዋን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ ከዓመታት በፊት የታመመም፣ ሌላ በሽታ የነካውም «አለብህ» ሊባል ይችላል። አንድ ጊዜ በተሠራ የዊዳል ምርመራ ብቻ ታይፎይድን ማረጋገጥ አይቻልም። ያም ሆኖ ሕፃኑም ሽማግሌውም የፀረ ባክቴሪያ እንክብል ተሰጥቶት ሄደ። በሽታው ቫይረስ ከነበረ እንክብሉ ለምንም አልጠቀመም፤ ባክቴሪያዎቹን መድኃኒት ከማለማመድ በቀር። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎቹን አልወቅስም። ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጡ አይቻቸዋለሁ፤ በእጃቸው ያለው መሣሪያ ያ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ይታመማል፤ 420,000 ይሞታል፤ ከሟቾቹ 125,000 ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ከባዱን ሸክም የምትሸከመው አፍሪካ ናት። ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የሐይቅ ሰርግ የለበትም። ያልተመረመረ ሕመም የትም መዝገብ አይገባም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ከባዶ እንድትጀምሩ አልጠየቅሁም። ደሴ የአማራ ህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አላት። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ የመመረቂያ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎችም ሞልተውታል። በ2014 ጦርነት ከወደመው ብዙው ገና እንዳልተተካ አውቃለሁ፤ ለሪኤጀንት፣ ለመመርመሪያው ኬሚካል ማለቴ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ እንደሚጠፋም አውቃለሁ፤ ጠዋት መጥቼ ፍሪጁ ቀልጦ ያገኘሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ቢሆንም የሰው ሕመም በአንድ ቤት፣ የከብቱ በሌላ ቤት፣ የምግብ ሻጩ ፈቃድ በሦስተኛ ቤት ስለተያዘ ብቻ አንድ ፕላስቲክ ሰላጣ በሦስቱ በሮች መካከል መበላሸት የለበትም። ምግብና መድኃኒትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት ሆነው። ሦስታችሁ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ «የምግብ ናሙና ከመጣ የሚቀበለው እገሌ ነው፣ ስልኩ ይህ ነው፣ ቅዳሜና እሑድም ይነሣል» ብትሉ ግማሹ ሥራ አለቀ። እዚህ የማይቻለው የቫይረስ ምርመራ በበረዶ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት ይቻላል፤ የኮሮና ናሙና በዚያው መንገድ ሄዶ አልነበረም?

ስለ ምግብ አዘጋጆች የጤና ምርመራም አንድ ነገር ልበል። ሆቴልና ምግብ ቤት የሚሠሩ ወጣቶች በየጊዜው ሰገራ ይመረመራሉ፤ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው አሜባና ጃርዲያ፣ የትል እንቁላልም ነው። ኖሮቫይረስ በዚያ መነጽር አይታይም። የወፍ በሽታ የምንለውን ዓይን የሚያቢጫውን ሄፓታይተስ ኤም እንዲሁ፤ ያ ደግሞ ከተበላ ከ15 እስከ 50 ቀን ቆይቶ የሚወጣ ስለሆነ ያኔ የት ምን እንደበላ የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ አስተናጋጇ ወይም ወጥ ሠሪዋ ሆዷን ሲያማት «ዛሬ አልገባም» ብላ የቀን ደሞዟ የማይቆረጥበት ደንብ ሕዝብን ይጠብቃል። ማስመለሱና ማስቀመጡ ካቆመ በኋላም 48 ሰዓት ከምግብ መራቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚፈቅድ ቀጣሪ ጥቂት ነው፤ ንግድ መምሪያ ፈቃድ ሲያድስ ሊጠይቀው ይችላል።

ለእናንተ ለደጋሾች ወገኖቼም አንድ ነገር አለኝ። የድግሱን ቀን ከእያንዳንዱ ምግብ አንድ ጭልፋ፣ ከወጡም ከሰላጣውም ከእርጎውም፣ በተፈላ ውሃ በታጠበ ክዳን ባለው ዕቃ ቀድታችሁ፣ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ፣ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ጋ ለሦስት ቀን አስቀምጡ። ማንም ካልታመመ ትጥሉታላችሁ። ሰላጣ የሚከትፍ ልጅ ሆዱን አሞት እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ አሞት ከሆነ ወንበር እንዲደረድር አድርጉት። እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ በኮሮና ጊዜ የለመድነው የአልኮል ሳኒታይዘር ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድለውም። ሙቀት ግን ይገድለዋል፤ ውስጡ 90 ዲግሪ ደርሶ 90 ሰከንድ ከቆየ በምግቡ መተማመን ይቻላል። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ሰላጣ ይቅር አልልም፤ ብል ማን ይሰማኛል፤ ግን ሰላጣው ለብዙ ሰው የሚደርስ ጥሬ ነገር መሆኑን አትርሱ።

ውጤት ሲወጣ ደግሞ ይነገር። «ተመርምሯል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ አይቅር። የተጠረጠረችው ሴት ገበያዋን ያጣችው በአደባባይ ነው፤ ነጻነቷም በአደባባይ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነገርላት። እኔ በበኩሌ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ያለ ክፍያ ናሙና ለመቀበል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም አያያዙን ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። ደብተሬም አለ፤ ስም ሳይወጣበት ለሚፈልገው ቢሮ አሳያለሁ።

ከሰርጉ ወር በኋላ እኚያን እናት ቤታቸው ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ቅሎቹ አፋቸውን ወደ ታች ተደፍተው መደብ ላይ ተደርድረዋል። ወተቱን ለጥጆቹ ትተውታል። ደብተሬን ገልጬ ሕፃናቱ እርጎ እንዳልቀመሱ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በጥሞና አዳመጡኝና «ወላሂ ልጄ፣ አንቺስ አወቅሽ፤ ለገበያው ማን ይንገርልኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥር ሊገባ ነው። የአክስቴ ሁለተኛ ልጅም ያገባል። ናሙና የሚቀበለውን ቢሮ ስምና ስልክ ቁጥር ከዚያ በፊት ብታሳውቁን እንለጥፈዋለን። እርጎውንም እኚሁ እናት እንዲያመጡ ሽማግሌ ልከናል፤ «አስቤበት» ብለው መልሰዋል።

ከአክብሮት ጋር
የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ
ደሴ